«ነቃ»፣ «ባነነ»፣ «ተነሣ»፦ በባትሪ ስለሚሠራ ገመድ አልባ መሣሪያ የእንቅልፍ እክልና ስለ ቃላቱ አሰያየም

የቴክኒክ መመሪያን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «እንቅልፍ» በሚለው ቃል ላይ ቆም ብሎ የሚያስብበት ምክንያት ያለ አይመስለውም። ቃሉን ሕፃን ያውቀዋል፤ በመዝገበ ቃላትም ፍለጋ አያስወጣም። ይሁን እንጂ በባትሪ የሚሠሩ ትናንሽ ገመድ አልባ መሣሪያዎች «ተኙ»፣ «ነቁ» በሚባሉበት በአሁኑ ጊዜ፣ በዚህ ቀላል ቃል ዙሪያ ያሉት ግሦች ተለይተው ካልተመደቡ መመሪያው ጠጋኙን ወደ ተሳሳተ ስፍራ ይመራዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቃላቱን ከመሣሪያው አሠራርና ከሚደርስበት እክል ጋር እያስተያየን ለተርጓሚዎች የሚጠቅም ሐሳብ ማቅረብ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ጥቂት እንበል። ማይክሮኮንትሮለር ማለት የሚያሰላው ክፍል፣ ማኅደረ ትውስታውና የመገናኛ እግሮቹ በአንድ ቺፕ ላይ ተሰብስበው የሚገኙበት፣ አንድን ሥራ እየደጋገመ እንዲሠራ የሚታዘዝ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። መቀመጫውን በሻንግሃይ ያደረገው ኤስፕረሲፍ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ኢኤስፒ8266ን፣ በ2016 ደግሞ ኢኤስፒ32ን ካወጣ ወዲህ ዋይፋይ ያለው ቺፕ ዋጋው ረክሶ ተማሪውም ጠጋኙም እጅ ገባ። የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላታችን የታተመው በ1989 ዓ.ም. ነውና እነዚህ ቃላት በዚያ ቢታጡ አዘጋጆቹን የሚያስወቅስ አይደለም።

ነገሩ ረቂቅ ሆኖ እንዳይቀር በምሳሌነት ከሚሴን እንውሰድ። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከደሴ አካባቢ ደጋ የሚነሣው የቦርከና ወንዝ ኮምቦልቻን አልፎ በጨፋ ሜዳ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጨፋ በበጋ የኦሮሞ፣ የአፋርና የአርጎባ ከብት አርቢዎች ለሣርና ለውኃ የሚሰባሰቡበት፣ በክረምት ግን ውኃ የሚተኛበት ረግረግ ነው። ይህን ስፍራ የመረጥነው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ፣ ውኃው በጊዜ ተለክቶ ቢታወቅ የሚድን ከብትና እህል አለ፤ ሁለተኛ፣ በዞኑ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን የሚነገሩ በመሆናቸው መመሪያው በሁለቱም መጻፍ ይኖርበታል።

እንግዲህ በወንዙ ዳር የውኃውን ከፍታ እየለካ በአቅራቢያው ወዳለ ጽሕፈት ቤት በዋይፋይ የሚያስተላልፍ አንድ መሣሪያ ተተከለ እንበል። በየ15 ደቂቃው ተነሥቶ ለ4 ሴኮንድ ያህል በአማካይ 100 ሚሊአምፔር እየወሰደ ይሠራል፤ ከዚያም ይተኛል። በቀን 96 ጊዜ ቢነሣ ለሥራው የሚያጠፋው 11 ሚሊአምፔር ሰዓት አይሞላም። የኢኤስፒ32 ቺፕ በከባድ እንቅልፍ ላይ ሳለ የሚወስደው 10 ማይክሮአምፔር ገደማ ነውና ይህም በቀን ሩብ ሚሊአምፔር ሰዓት ያህል ብቻ ይጨምራል። 2500 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ አንድ የሊቲየም ባትሪ፣ በራሱ ጊዜ የሚያጣውን ሳንቆጥር፣ ከ7 ወር በላይ ሊያቆየው ይገባል። በሰኔ መግቢያ ቢተከል ክረምቱን ተሻግሮ ጥር ይደርሳል ማለት ነው። በተግባር ግን በሰኔ መጨረሻ የተተከለው መሣሪያ በሐምሌ አጋማሽ፣ ውኃው ገና መሙላት ሲጀምር፣ ዝም ሊል ይችላል። ሰባት ወር ወደ ሁለት ሳምንት የሚወርደው በምን ምክንያት ነው?

ምክንያቱ የተደበቀው «መሣሪያው ይተኛል» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው። የሚተኛው ቺፑ ነው፤ ቦርዱ አይተኛም። በርካሽ በሚሸጡት ቦርዶች ላይ ከቺፑ ሌላ ቮልቴጁን ወደ 3.3 ቮልት የሚያወርድ ሬጉሌተር፣ ኃይል መኖሩን የምታመለክት ትንሽ መብራት፣ ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኝ የዩኤስቢ ቺፕም አሉ። በብዙ ቦርዶች ላይ የሚገኘው ኤኤምኤስ1117 የተባለው ሬጉሌተር ብቻውን፣ ምንም ሳይሠራ፣ 5 ሚሊአምፔር ያህል ይወስዳል። መብራቷ 2 ሚሊአምፔር ብትጨምር ድምሩ 7 ይሆናል፤ በቀን 168 ሚሊአምፔር ሰዓት መሆኑ ነው። ቺፑ እንደ ሬሳ ቢተኛ እንኳ ባትሪው ሁለት ሳምንት ይዞ ያልቃል። ከዚህም በላይ ይኸው ሬጉሌተር በትክክል ለመሥራት ከሚያወጣው ቮልቴጅ ከ1 ቮልት በላይ የሚበልጥ ግቢ ስለሚፈልግ፣ ከ3.7 ቮልት የሊቲየም ባትሪ ጋር ከመነሻው አይስማማም።

ስለዚህ «መሣሪያ»፣ «ቦርድ» እና «ቺፕ» የሚሉትን ሦስቱን ስሞች እያፈራረቁ መጠቀም፣ ለአጻጻፍ ውበት ተብሎ ቢሆን እንኳ፣ በእንዲህ ያለ መመሪያ ውስጥ ጥፋት ነው። አንድን ቃል በተከታታይ መድገም የሥነ ጽሑፍ ጉድለት ነው ተብሎ የተማረ ተርጓሚ እዚህ ላይ ትምህርቱን ይርሳ። («ቦርድ» በአማርኛችን የሥራ አመራር ጉባኤም ስለሆነ «ቦርዱ አልተኛም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም፤ ቢሆንም ጠጋኞቹ የያዙት ቃል ይህ ነውና አንቀይረውም።)

«ባትሪ» የሚለውም ቃል ከችግር ነጻ አይደለም። በገበያ ቋንቋ «ባትሪ» በእጅ የሚያዘው መብራት ነው፤ ውስጡ የሚገባው ደግሞ «ድንጋይ» ወይም «የባትሪ ድንጋይ» ይባላል። በአንጻሩ የእጅ ስልክ ከተስፋፋ ወዲህ «ባትሪ» የስልኩ ኃይል ማከማቻ ሆኗል፤ ስልክ ጠጋኞችም «ባትሪ ይበላል»፣ «ቻርጅ አይዝም» የሚሉትን ሁለት አነጋገሮች አጥርተው ይለያሉ። የመጀመሪያው ጥፋቱ በሚጠቀመው ዕቃ ላይ መሆኑን፣ ሁለተኛው በራሱ በባትሪው ላይ መሆኑን ይናገራል። ይህ ልዩነት ለእኛ ጉዳይ እጅግ ተስማሚ ነው፤ መመሪያውም ሌላ ቃል ሳይፈጥር «እንቅልፍ ላይ ሳለ ባትሪ የሚበላው የትኛው ክፍል ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ከባለሙያው አፍ የተገኘ አነጋገር ካለ በወረቀት ላይ የሚቀናበር አዲስ ስያሜ ትርፍ ነው ብለን እናምናለን።

የሚበላውን ክፍል ለማግኘት ጠጋኙ ቴስተሩን ከባትሪውና ከቦርዱ መካከል በተከታታይ ያስገባል። እዚህም ወጥመድ አለ። ቴስተር በማይክሮአምፔር መለኪያው ላይ ሲሆን በውስጡ ያለው ተቃውሞ ከፍተኛ ነው፤ ቺፑ ሬዲዮውን ሲከፍት በአንድ ጊዜ እስከ 240 ሚሊአምፔር ሊጠይቅ ስለሚችል ቮልቴጁ በቴስተሩ ላይ ይቀራል፣ ቺፑም ይወድቃል፤ አለዚያም የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። መፍትሔው የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ማቆየት፣ ቺፑ ሥራውን ጨርሶ ከተኛ በኋላ ሽቦውን ማላቀቅና ማንበብ ነው። ከዚያም ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየነጠሉ የቁጥሩን መውረድ መከታተል ይገባል። ሬጉሌተሩን ሥራ ፈትቶ ጥቂት ብቻ በሚወስድ ዓይነት መተካት፣ መብራቷን ከቦርዱ ላይ መንቀል፣ የውኃ ከፍታ መለኪያውንም በትራንዚስተር አማካይነት መለኪያ በማይወሰድበት ጊዜ ከኃይል መለየት የተለመዱት መድኀኒቶች ናቸው።

አሁን ወደ ግሦቹ እንምጣ። አማርኛ ለእንቅልፍ ደረጃዎች ድኻ አይደለም፤ ሸለብታ፣ ድብታ፣ ሰመመን፣ ከባድ እንቅልፍ አሉት፤ ተኛ፣ አሸለበ፣ አንቀላፋ ይላል። ከእነዚህ «አንቀላፋ» የሚለውን ለመሣሪያ ባንጠቀምበት ይሻላል፤ በቤተ ክርስቲያንና በሐዘን ቋንቋ ሞተ ለማለት ስለሚነገር «መሣሪያው አንቀላፍቷል» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው አዲስ ሊገዛ ይችላል። «ተኛ» በቢሮ ቋንቋ የተንጓተተ ጉዳይን ያመለክታል፤ ውኃም ሜዳ ላይ ይተኛል። ቢሆንም ከሁሉ የጠራው እርሱ ነው። «ጥልቅ እንቅልፍ» የሚለውን ብዙዎች ቢጽፉትም ጉድጓድና ሐሳብ ናቸው ጥልቅ የሚባሉት፤ እንቅልፍ በአማርኛ ከባድ ነው።

ይሁንና ስሙን ከማግኘት ይልቅ የሚከብደው ስሙ የሚያመጣው ስውር ግምት ነው። ሰው የቱንም ያህል ቢተኛ ሲነቃ የትናንቱን ያስታውሳል፤ ሥራውንም ካቆመበት ይቀጥላል። ኢኤስፒ32 ይህን የሚያደርገው በመጀመሪያው የእንቅልፍ ደረጃው ብቻ ነው። በዚያ ደረጃ 0.8 ሚሊአምፔር ያህል እየወሰደ ማኅደረ ትውስታውን ይጠብቃል፤ ሲነሣም ፕሮግራሙ ካቆመበት መስመር ይቀጥላል። ለዚህ «ሸለብታ» የሚለው ቃል እጅግ ይስማማዋል። በሁለተኛው ደረጃ ግን የሚያሰላው ክፍልና 520 ኪሎባይት የሚሆነው ዋና ማኅደረ ትውስታ ኃይል ይቋረጥባቸዋል፤ የሚቀረው ሰዓት ቆጣሪውና 8 ኪሎባይት የሚይዝ አንድ ትንሽ ማኅደር ነው። ቺፑ ከዚህ ሲወጣ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው መስመር ይጀምራል። ጀማሪዎች «የቆጠርኩት ቁጥር ሁልጊዜ 1 ይሆንብኛል» እያሉ የሚቸገሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁጥሩ በትንሿ ማኅደር እንዲቀመጥ ካልታዘዘ በየእንቅልፉ ይጠፋል። ይህን ደረጃ «ራስን መሳት» ብንለው ለአሠራሩ ይቀርብ ነበር፤ ነገር ግን ራስን መሳት በሽታ ነው፤ ይህ ግን የታቀደ ሥራ ነው። ስለዚህ ስሙ «ከባድ እንቅልፍ» ሆኖ ልዩነቱን ከእንቅልፉ መውጣትን በሚያመለክተው ግሥ ላይ ብናሳርፈው የተሻለ ነው።

ለዚያ ግሥ በመጀመሪያው ረቂቃችን «ነቃ» የሚለውን ወስደን ነበር። በመመሪያው መጨረሻ ላይም «መሣሪያው በየ15 ደቂቃው መንቃቱን፣ ሳጥኑም አለመንቃቱን አረጋግጡ» ብለን ጻፍን። ዐረፍተ ነገሩን ደግመን ስናነብ ግን ደነገጥን። በግዕዝ ነቅሀ ከእንቅልፍ መንቃት፣ ነቅዐ ደግሞ መሰንጠቅ ነው፤ ምንጭ የሚለውም ነቅዕ ከዚሁ ከሁለተኛው ይወጣል። አማርኛ የሀንና የዐን ድምፅ ሲጥል ሁለቱ ሥሮች «ነቃ» በሚል አንድ መልክ ተገናኙ። ሸክላ ይነቃል፣ ግድግዳ ይነቃል፣ ሰውም ይነቃል። በአልጋ ላይ ስላለ ሰው ሲነገር ማንም አይሳሳትም፤ በወንዝ ዳር ዝናብ ስለሚወርድበት የፕላስቲክ ሳጥን ሲነገር ግን «ነቅቷል» የሚል የስልክ መልእክት የደረሰው ጠጋኝ ሊደሰት ወይስ ማሸጊያ ይዞ ሊሮጥ ይገባው እንደ ሆነ አያውቅም። ከተርጓሚው የሚጠበቀው እንዲህ ያለውን መልእክት አስቀድሞ መከላከል ነው።

በዚህ ምክንያት ለከባድ እንቅልፍ «ተነሣ» የሚለውን እንመርጣለን። ኮምፒዩተር ሲከፈት «ተነሣ» እንደሚባለው ሁሉ ከባዶ መጀመርን ያሰማል፤ ጠጋኙም ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው መስመር እንደሚሄድ ይገነዘባል። ለሸለብታ ደግሞ «ቀጠለ» ይበቃል። ከእንቅልፍ የሚያስነሣው ምክንያት፣ ሰዓት ቆጣሪም ቢሆን ከውጭ የመጣ ምልክት፣ «መቀስቀሻ» ይባል። «ቀስቃሽ» የሚለው ይቀርብ ነበር፤ ግን ከአብዮቱ ዘመን ጀምሮ በስብሰባ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ሰው ሆኖ በጆሮአችን ቀርቷል።

«ባነነ» የሚለው ግሥ እስካሁን ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ያሳዝናል። ባነነ ማለት ሳይቀሰቅሱት በድንጋጤ ነቃ ማለት ነው፤ በመሣሪያውም ላይ በትክክል ይህ እክል አለ። መቀስቀሻ የተባለው እግር በሬዚስተር አማካይነት ወደ አንድ ወገን ካልታሰረ ባዶውን ተንጠልጥሎ የአካባቢውን የኤሌክትሪክ ጫጫታ ይሰበስባል፤ ቺፑም ያለ ጊዜው ይነሣል። ይህን «መባነን» ብንለው አንዲት ቃል ጠጋኙን በቀጥታ ወደ ሬዚስተሩ ትመራዋለች።

ከመባነን ጋር መምታታት የሌለበት ሌላ እክል አለ፤ ለጨፋ ከሁሉ የሚከፋውም እርሱ ነው። ውኃው ከተወሰነ ከፍታ ሲያልፍ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ማብሪያ በመቀስቀሻነት ተገጠመ እንበል። ኢኤስፒ32 በአንድ እግር ሲቀሰቀስ የሚያየው የምልክቱን ለውጥ ሳይሆን ደረጃውን ነው። ስለዚህ ውኃው ከፍ ብሎ እስከቆየ ድረስ ማብሪያው እንደተዘጋ ይቆያል፤ ቺፑ መልእክቱን ልኮ ሊተኛ ሲል ወዲያው ይቀሰቀሳል፤ ደግሞ ይልካል፤ ደግሞ ይቀሰቀሳል። በበጋ ወራት ያለ እንከን ሲሠራ የኖረው መሣሪያ ጎርፉ በመጣ ዕለት በአንድ ቀን ባትሪውን ጨርሶ ይጠፋል። ጥፋቱን በጠረጴዛ ላይ በሚደረግ ሙከራ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሞካሪው ማብሪያውን በጣቱ ነካ አድርጎ ይለቃልና። መድኀኒቱ ቺፑ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ በተቃራኒው ደረጃ፣ ማለትም ውኃው ሲወርድ፣ እንዲቀሰቀስ አዝዞ ማስተኛት፣ እስከዚያውም በሰዓት ቆጣሪ ማሠራት ነው። ለዚህ «እንቅልፍ ማጣት» የሚለው የተለመደ አነጋገር በቂ ነው፤ መባነን የሽቦ፣ እንቅልፍ ማጣት ግን የፕሮግራም ጉድለት መሆኑ በመመሪያው ይገለጽ።

የቀሩትን በአጭሩ እናልፋለን። ባትሪው ሲደክም ወይም ሽቦው ቀጭንና ረጅም ሲሆን ቺፑ ሬዲዮውን እንደ ከፈተ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ጠባቂው ክፍል ቺፑን ያጠፋዋል፤ ጭነቱ ሲቀልል እንደገና ይነሣል፤ ሬዲዮውን ሲከፍት ይወድቃል። ለዚህ ከ«ወድቆ መነሣት» የተሻለ ቃል መፈለግ አያስፈልግም። በቺፑ አጠገብ ጥቂት መቶ ማይክሮፋራድ የሚይዝ ካፓሲተር መበየድ ብዙ ጊዜ ያድነዋል። በኢኤስፒ8266 ላይ ደግሞ ተኝቶ መቅረት ይታያል፤ ይህ ቺፕ በሰዓት ቆጣሪው የሚነሣው 16ኛው የመገናኛ እግሩ ከዳግም ማስነሻው እግር ጋር በሽቦ ሲገናኝ ብቻ ነው፤ ሽቦው ከተረሳ እስከ ዓለም ፍጻሜ ይተኛል። ቀድሞ የሚተኛበትም ጊዜ በማይክሮሴኮንድ በ32 ቢት ይቆጠር ስለነበረ ከ71 ደቂቃ አያልፍም ነበር።

በኦሮምኛ በኩል ያለው ሁኔታ ትኩረት የሚስብ ነው። እንቅልፍ ሂሪባ፣ መተኛት ረፉ፣ መንቃት ደመቁ፣ ሌላውን ማንቃት ደመቅሱ ይባላል፤ መነሣት ደግሞ ከኡ ነው። ደመቁ የመሰንጠቅ ትርጉም ስለሌለበት አማርኛውን ያስጨነቀን አሻሚነት በኦሮምኛው አይነሣም፤ ሆኖም ከኡ ከባዶ መጀመርን ስለሚያሰማ ሁለቱ መመሪያዎች በአንድ ሐሳብ እንዲሄዱ ለከባድ እንቅልፍ እርሱን መያዝ ይመረጣል። በሁለቱም ቋንቋ አፉን የፈታ የከሚሴ ጠጋኝ ደመቁ የሚለውን ከአማርኛው «ደመቀ» ጋር እያመሳሰለ ሊቀልድ ይችላል፤ ድምፁ ቢቀራረብም የሥር ዝምድና አላቸው ብለን አንናገርም። በዞኑ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ስለሚጻፍ በሳጥኑ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ሁለት ዓምድ ይኖረዋል፤ በመሆኑም ቃላቱ አጫጭር መሆናቸው ሌላ ጥቅም አለው።

ረቂቃችንን በዚህ መሠረት አርመን የአማርኛውን ዓምድ እንዲህ ጽፈነዋል፦ «ቺፑ በየ15 ደቂቃው ይነሣል። ያለ ጊዜው ከተነሣ ባንኗልና የመቀስቀሻውን እግር ሬዚስተር ተመልከቱ። ውኃው ከፍ ባለበት ጊዜ ሁሉ የማይተኛ ከሆነ እንቅልፍ አጥቷልና ፕሮግራሙ ይታረም። እየወደቀ የሚነሣ ከሆነ ባትሪውንና ሽቦውን ለኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዝም ካለ ቺፑ ተኝቶ ሳለ ባትሪ የሚበላውን የቦርዱን ክፍል ፈልጉ። ሳጥኑ ተሰንጥቆ እንደ ሆነ በየጊዜው እዩ።»